ልጅ ሲዘገይ እምነትስ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጅ ፈልገው ያላገኙ አማኞች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃሉ። አንዱን ሰው ፊት ይጠይቁታል። የት እንታከም? ምን እንመርመር? ሌላውን ግን በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የሚያነሱት፤ ያውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ፈጣሪ ረስቶኛል እንዴ? እዚህ የሰበሰብኳቸው በአብዛኛው የኋለኞቹ ናቸው። አንባቢዎቼ ክርስቲያኖችም ሙስሊሞችም ስለሆኑ ምሳሌ የማመጣው ከሁለቱም ወገን ነው። ሕክምናውንም አልፎ አልፎ አነሳለሁ። የእምነት ጥያቄ መስሎ የሚመጣው ነገር አንዳንዴ ሐኪም በአምስት ደቂቃ የሚመልሰው ሆኖ ይገኛልና።

ልጅ ያጣሁት በኃጢአቴ ነው?

አይደለም። ይህን የምለው ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም፤ መጻሕፍቱ ራሳቸው እንዲህ ስለሚሉ ነው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1ን ክፈቺ። ቁጥር 6 ላይ ዘካርያስና ኤልሳቤጥ ሁለቱም በእግዚአብሔር ፊት ጻድቃን እንደነበሩ፣ ነቀፋም እንዳልነበረባቸው ይናገራል። ልጅ እንዳልነበራቸው የሚነግረን ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥር 7 ላይ። ሉቃስ ጽድቃቸውን ያስቀደመው አንባቢው ምን ብሎ እንደሚጠረጥር ስለገባው ይመስለኛል። አብርሃም፣ ይስሐቅ፣ ያዕቆብ እያልን አከታትለን እንጠራለን። የሦስቱም ሚስቶች፣ ሳራም ርብቃም ራሔልም፣ መውለድ አቅቷቸው ነበር። ከአንድ ቤት፣ ሦስት ትውልድ በተከታታይ።

በቁርኣን ሱረቱ አሽ ሹራ (42፥49-50) አላህ ለሚሻው ሴቶችን፣ ለሚሻው ወንዶችን፣ ለሚሻውም ሁለቱንም እንደሚሰጥ፣ የሚሻውን ደግሞ መካን እንደሚያደርግ ይናገራል። አንቀጹ የሚዘጋው በዐዋቂነቱና በቻይነቱ ነው። ስለ ቅጣት አንዲት ቃል የለበትም። የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አልወለዱም። ሆኖም እስከ ዛሬ የሚጠሩት «የአማኞች እናት» ተብለው ነው።

ድሮ ያደረግኩት ነገር አለ። በሱ ቢሆንስ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ተከትሎ ይመጣል። ሰው የሚፈራው በጥቅሉ ኃጢአትን አይደለም፤ አንድ፣ እሱ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ነው። ከጋብቻ በፊት የነበረ ግንኙነት። በድብቅ የተቋረጠ እርግዝና።

ሁለት ነገር ስለተደባለቀ እንለየው። የሰውነቱ ጉዳይ እንዲህ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ በጊዜ ካልታከሙ የማህፀን ቱቦን ሊጎዱና ሊዘጉ ይችላሉ። ንጽሕና በጎደለው ሁኔታ የተደረገ ውርጃም ኢንፌክሽን ካስከተለ እንደዚያው። በባለሙያ፣ በአግባቡ የተደረገ ውርጃ ግን ብዙውን ጊዜ በኋላ መውለድን አይከለክልም። ጉዳዩ የቁስልና የጠባሳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከባሏ ሌላ ሰው የማታውቅ ሴትም ቱቦዋ ተዘግቶ ልታገኘው ትችላለች።

የነፍሱ ጉዳይ ሌላ ነው። ንስሐ ከገባሽ፣ ተውበት ካደረግሽ፣ አልቋል። ይቅር ብሎ ሲያበቃ በየወሩ እየመጣ ሒሳብ የሚያወራርድ አምላክ በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ለሐኪሙ ግን አትደብቂው። ባለቤትሽ በሌለበት ለብቻሽ መናገር ትችያለሽ፤ የተደበቀ ታሪክ ምርመራውን ያጓትታል።

ስንት ዓመት ጸለይኩ። የማይመለስልኝ እምነቴ ስለጎደለ ነው?

ልጅ በእምነት ልክ የሚታደል ቢሆን ኖሮ ሳያስቡት የሚያረግዙት ሁሉ ከእኛ የበለጡ አማኞች በሆኑ ነበር። እንደዚያ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ። ዘካርያስን እንደገና እንየው። መልአክ ፊቱ ቆሞ ሲነግረው እንኳ አላመነም። ዲዳ ሆነ፤ ልጁ ግን ተወለደ። ሳራ ደግሞ በልቧ ስቃለች፤ ስትጠየቅም «አልሳቅሁም» ብላ ክዳለች። ይስሐቅ ግን ተወለደ።

የተገላቢጦሹም አለ። እምነት ጸንቶ ልጅ ይዘገያል። ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር። መንትዮቹ ሲወለዱ 60። ዘፍጥረት 25 በጥቂት መስመር ስለሚያልፈው ቀላል ይመስላል እንጂ መሀል ላይ ያለው ሃያ ዓመት ነው። በየወሩ ቁጠሪው እስቲ።

ከነጭራሹ ያልተሰጠበትም አለ። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲነሳለት ሦስት ጊዜ ለመነ (2ኛ ቆሮንቶስ 12)። መውጊያው አልተነሳለትም። «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል መልስ ነው ያገኘው። ይህን ጥቅስ የምታለቅስ ሴት ላይ የሚወረውሩ ሰዎች ያናድዱኛል። ጳውሎስ ራሱ ለምኖ፣ ራሱ የሰማው መልስ ነው። ጎረቤት መጥቶ አልነገረውም።

ተቆጥቻለሁ። መጸለይም አስጠልቶኛል። ይህ ክህደት ነው?

የወር ቀኗን የምትቆጥር ሴት ይህን ታውቀዋለች። አንድ ቀን ዘገየ። ሁለት ቀን ዘገየ። የእርግዝና መመርመሪያዋን መብራት ሥር ትወስዳለች፤ ዘንበል ቀና ታደርገዋለች። ሁለተኛዋ መስመር ምናልባት ደብዝዛ ይሆናል ብላ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ታያለች። የለችም። ይጣልና ከአንድ ሰዓት በኋላ ከቅርጫቱ ወጥቶ እንደገና ይታያል። አሁንም የለችም። በነጋታው ደሙ ይመጣል። በዚያን ቀን «ተመስገን በይ እንጂ» የሚላት ሰው ምን እየጠየቃት እንደሆነ አልገባውም።

የሳሙኤልን እናት ሐናን አስቢያት። ጣውንቷ እየነካካች ታስለቅሳት ነበር። ምግብ አልበላም አለች። ባሏ ሕልቃና «እኔ ከአሥር ልጆች አልሻልሽም ወይ?» አላት። ደግ ሰው ነው፤ ግን ምኑም አልገባውም። ከዚያ መቅደስ ገብታ አለቀሰች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት! እሷ ግን ዝም አላለችም፤ ከሐዘኔና ከጭንቀቴ ብዛት ነው የተናገርኩት አለችው። አምላክም «ምነው እንዲህ ትናገሪኛለሽ» አላላትም።

መዝሙር 88ን (በአንዳንድ እትሞች 87 ነው) አንብቢው። አብዛኞቹ የልቅሶ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ወደ ምስጋና ይመለሳሉ። ይሄኛው አይመለስም። በጩኸት ይጀምርና በጨለማ ያልቃል። እንደዚያም ሆኖ ከመጽሐፉ አልወጣም። በቁርኣን ነቢዩ ያዕቆብ ስለ ዩሱፍ ከማዘናቸው የተነሣ ዓይናቸው ነጭ ሆኗል (12፥84)። ትዕግሥተኛ ነቢይ ናቸው፤ ግን አለቀሱ። ሐዘኔንና ጭንቀቴን የማሰማው ለአላህ ብቻ ነው አሉ። ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። አቤቱታው ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ እሱ ከሆነ ተቆጥተሽም ቢሆን እያናገርሽው ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በሥርዓቱ እየጸለየች በውስጧ ግን ማናገር ያቆመች ሴት ናት።

የራስሽ ቃል ሲያልቅ ደግሞ የራስሽን ቃል አትፈልጊ። የተዘጋጀ ጸሎት ለዚህ ቀን ነው ያለው። አቡነ ዘበሰማያት በይ። ፋቲሓ ቅሪ። ስሜት ባይኖርበትም ግድ የለም። እሱም ካቃተሽ የሚጸልይልሽ ሰው ፈልጊና አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ለሳምንታት እንቅልፍ ከጠፋ፣ ምንም ነገር ደስ የማይል ከሆነ፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ይህ ከመንፈሳዊ ድካም ያለፈ ነው። የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዛሬውኑ ይታይ።

ክርስትና ወይም አቂቃ (ሙስሊሞች ለተወለደ ሕፃን የሚያደርጉት ድግስ) ላይ መገኘት አልቻልኩም። ቅናት ነው?

ቅናት ማለት የሷ እንዲጠፋ መመኘት ነው። አንቺ የሷ እንዲጠፋ አልተመኘሽም፤ የራስሽ ባዶ መሆኑ ነው ያመመሽ። ስጦታሽን ላኪ፣ መልካም ምኞትሽን ጻፊ፣ ቤትሽ ቁጭ በይ። ኃጢአት የለበትም። በአምልኮ መሀል «እናቶች ሁሉ ተነሡልን» ሲባል ወንበር ላይ ተተክሎ መቅረት ምን ያህል እንደሚከብድ መድረክ ላይ ያሉት አያዩትም። በር አጠገብ ተቀመጪ፤ ሲያንቅሽ ውጪ፤ ሲሻልሽ ተመለሺ። ጭራሽ መቅረት ግን ልማድ እንዳይሆንብሽ። አንድ ሳምንት ይቀራል፣ ሁለት ሳምንት ይቀራል፣ ከዚያ መመለሱ ራሱ ያሳፍራል።

ሐኪም ጋ መሄድ እምነት ማጣት ነው?

መጽሐፈ ሲራክ 38 ባለመድኃኒትን አክብረው፤ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። በሐዲስም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) «ታከሙ» ብለዋል፤ አላህ ከእርጅና በስተቀር መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ የለም በማለት። ስለዚህ ጸሎትና ሕክምና የሚጣሉት በእኛ አፍ እንጂ በመጻሕፍቱ አይደለም። ጠበል እየተጠመቁ፣ ዱዓ እያስደረጉ መታከም ይቻላል። የማይቻለው የታዘዘን መድኃኒት አቋርጦ «እምነቴን ላሳይ» ማለት ነው።

መቼ ነው የሚኬደው? ያለ መከላከያ፣ በመደበኛነት አብራችሁ እየተኛችሁ 12 ወር ካለፈ። ሴቷ 35 ዓመት ከሞላት 6 ወር ይበቃል። 40 ካለፈች መጠበቅ አያስፈልግም። የወር አበባዋ የተዛባ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት የማህፀን ኢንፌክሽን ከነበረም ቶሎ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ በሕይወቱ የሆነ ጊዜ ላይ በዚህ ችግር ያልፋል። በጉባኤው መካከል ዞር ዞር ብለሽ ብታዪ ብቻሽን አይደለሽም።

ሌላው የማልደራደርበት ነገር፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ተመርመሩ። ችግሩ ካለባቸው ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ወይም ከሴቷ ጋር ተደምሮ። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከ2 እስከ 7 ቀን ከግንኙነት መቆጠብ፣ ናሙና መስጠት፣ አለቀ። እሷ ግን የደም ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ ቱቦዋ ክፍት መሆኑን የሚያሳየውን የሚያም ራጅ ጨርሳ፣ ጾምና ስግደቷን ጨምራ፣ እሱ ገና «እኔ ደህና ነኝ» እያለ የሚቀመጥበት ቤት ስንት ነው። ደህና መሆኑን የሚናገረው ላብራቶሪው ነው።

ጾም ላይ ሕክምናው ቢገጥመኝስ?

ለንስሐ አባትሽ ወይም ለምታምኛቸው ዐሊም (የእስልምና ሊቅ) ቀኑን ቆጥረሽ በግልጽ ንገሪ። ዕፍረቱን ወደ ጎን አድርጊው። መፀነስ የሚቻለው በአንድ ዑደት ውስጥ ስድስት በሚሆኑ ቀናት ብቻ ነው፤ እንቁላሏ የምትወጣበት ቀንና ከሱ በፊት ያሉት አምስቱ። በረጅም ጾም ወቅት ባልና ሚስት ተለያይተው ሲከርሙ እነዚህ ቀናት ያልፋሉ። 1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 መለያየቱ በስምምነትና ለጊዜው ይሁን ይላል። ስለዚህ ጥያቄው ሊጠየቅ የሚገባው ነው፤ የሚመልሰው ግን አባትሽ ነው። በረመዳን ሌሊት ግንኙነት ክልክል እንዳልሆነ ቁርኣን በግልጽ ይናገራል (2፥187)፤ ለታመመ ሰውም ቀዳ ማውጣት፣ ማለትም ያልጾመውን በሌላ ቀን መጾም፣ ተፈቅዷል (2፥185)። ምግብነት የሌለው መርፌ ጾም እንደማያስፈታ የዘመናችን አብዛኞቹ ዑለማዎች ይናገራሉ። ብዙዎቹ የሆርሞን መርፌዎች ማታ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚወሰዱ ችግሩ ብዙ ጊዜ ከፍርሃቱ ያነሰ ነው።

አይ ቪ ኤፍ ኃጢአት ነው?

አንድ መልስ የለም። «ይፈቀዳል»፣ «አይፈቀድም» ብሎ በአንድ ቃል የሚዘጋ ሰው ካጋጠመሽ የየትኛውን ቤተ እምነት መልስ እንደሚነግርሽ ጠይቂው።

በዚህ መንገድ የመጀመሪያዋ ሕፃን እንግሊዝ ውስጥ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1978 ነው። እንቁላሉ ከሴቷ ይወሰዳል፣ ከወንዱ ዘር ጋር ከሰውነት ውጭ ይዋሃዳል፣ ከዚያ ፅንሱ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣችው መመሪያ ይህን አልተቀበለችም፤ ፅንሰት ከባልና ሚስት አንድነት መለየት የለበትም በማለት። እንቁላል እንዲወጣ የሚረዱ መድኃኒቶችንና የተዘጋ ቱቦ የሚከፍት ቀዶ ሕክምናን ግን አትቃወምም። በሱኒ እስልምና እ.ኤ.አ. በ1980 ከግብፅ የወጣው ፈትዋ (የሃይማኖት ሊቅ ብይን) በጋብቻ ውስጥ፣ በራሳቸው እንቁላልና ዘር ከሆነ ፈቅዷል። ሦስተኛ ሰው አይገባም። ከሺዓ ሊቃውንት መካከል በዚህ ላይ ሰፋ ያለ አቋም የያዙ አሉ። በኦርቶዶክስና በፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ አቋሙ ይለያያል፤ ሁለት ነገር ግን ደጋግሞ ይነሳል። የሦስተኛ ሰው ዘርና የሚተርፉት ፅንሶች።

ስለዚህ የንስሐ አባትሽን ወይም ዐሊሙን ስትጠይቂ የሕክምናውን ስም ይዘሽ ብቻ አትሂዪ። መጀመሪያ ክሊኒኩን ጠይቂ። ስንት እንቁላል ነው የሚዳቀለው? የተረፈው ፅንስ ይቀዘቅዛል ወይስ ይጣላል? ማን ይወስናል? አንዳችን ብንሞትስ? ጥቂት እንቁላል ብቻ እንዲዳቀል መጠየቅ ይቻላል፤ የመሳካት ዕድሉ ሊቀንስ እንደሚችል አውቃችሁ። ውይይቱ መካሄድ ያለበት መርፌው ከመጀመሩ በፊት ነው። ፅንሶቹ ከቀዘቀዙ በኋላ «ለካ ሃይማኖቴ አይፈቅድም» ብሎ መደንገጥ ለማንም አይመከርም።

«የፈጣሪን ሥራ መንጠቅ ነው» ለሚሉት ደግሞ አንድ ነገር። ሐኪሙ ፅንሱን ያስቀምጣል፤ ያዝ ብሎ ማዘዝ ግን አይችልም። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ራሳቸው ሐኪሞቹ ናቸው።

ችግሩ ያለው በእኔ በባሏ ነው ተባለ። ለቤተሰብ እንዴት ልናገር? ለአምላኬስ?

ለአምላክህ መንገር አያስቸግርም፤ ውጤቱን ካንተ ቀድሞ ያውቀዋል። ለቤተሰብ ዝርዝሩን መናገር ግዴታህ አይደለም። ግዴታህ አንድ ነው። ሚስትህ ባልሠራችው እንዳትወቀስ ማድረግ። እናትህ እሷን ገረፍ የሚያደርግ ነገር ሲናገሩ አንተ ስልክህን እየነካካህ ዝም ካልክ ፈረድክባት ማለት ነው። «እማዬ፣ ጉዳዩ የሁለታችን ነው፤ እየታከምን ነው፤ እሷን አትንኩብኝ» ይበቃል። ይስሐቅ ርብቃን አልወቀሳትም፤ ስለ ሚስቱ ጸለየ ነው የሚለው።

ከጸሎቱ ጎን ለጎን ደግሞ ሁለት የምድር ነገር። ዘር ተፈጥሮ ለመብሰል ሦስት ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሲጋራ ብታቆም፣ ክብደት ብትቀንስ ውጤቱን በሳምንት አትጠብቅ። ሁለተኛ፣ «ለወንድነት» ተብሎ የሚሸጥ የቴስቶስትሮን መርፌ ወይም ቅባት በራስህ አትውሰድ። የሰውነትን የራሱን ዘር የማምረት ሥራ ያዳክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያቆመዋል። ልጅ ፈልገው እሱን የሚወጉ ወንዶች አሉ፤ ያሳዝናል።

«በዚህ ዓመት ትታቀፊያለሽ» የሚል ትንቢት ተነግሮኝ ነበር። ዓመቱ አለፈ።

ያልፈጸመው የተናገረው ሰው ነው። ፈጣሪ በዚያ ሰው አፍ አልፈረመልሽም። «እምነትሽ ስላነሰ ነው የቀረው» ካለሽ ደግሞ ስሕተቱን ወደ አንቺ እያዞረ ነው። መድኃኒትሽን አቁሚ የሚል፣ ብር የሚጠይቅ፣ ለብቻሽ ነይ የሚል፣ ሰውነትሽን የሚነካ፣ ዘመድሽን ወይም ጎረቤትሽን «እሷ ናት ያሰረችብሽ» ብሎ ስም የሚጠራ ሰው ጋ ሁለተኛ አትሂጂ። ማዕረጉ ምንም ይሁን ምን።

ስለት ልሳል?

ሐና ተስላለች። ስለት በእምነት ሰዎች ዘንድ አለ። ግን መክብብ 5 ተስሎ ካለመፈጸም አለመሳል ይሻላል ይላል፤ በሐዲስም ስለት ነገርን እንደማያስቀድምና እንደማያዘገይ ተነግሯል። ከቻልሽው በላይ አትሳዪ። በጭንቅ ሰዓት የተሳልሽው ከበደሽ እንደሆነ ዕዳው ሲያስፈራራሽ ከመኖር ለንስሐ አባትሽ ወይም ለዐሊም ንገሪያቸው፤ መንገድ ያሳዩሻል።

ብናቆምስ? ሕክምናውንም፣ መለመኑንም። ተስፋ መቁረጥ ነው?

ገንዘብ ያልቃል፣ ጉልበት ያልቃል፣ ዕድሜም ያልቃል። ሕክምናውን በቃን ማለት ውሳኔ እንጂ ክህደት አይደለም። እንዲያውም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ቀጠሮና ያለ መርፌ አብረው የተኙበት ሌሊት ትዳራቸውን እንደመለሰላቸው የሚናገሩ ጥንዶች አሉ።

ጸሎቱን በተመለከተ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ልጅ ስትለምኑ በኖራችሁበት ጊዜ ሁሉ ጸሎታችሁ አንድ ርዕስ ብቻ ሆኖ ከርሟል። ሌላ ወሬ ጠፍቷል። ስለ ሥራችሁ፣ ስለ እርስ በርስ ፍቅራችሁ፣ ስለ ታመመ ወዳጃችሁ ማውራት ጀምሩ። የልጁን ነገር ካነሳችሁት አንሡት፤ ካላነሳችሁትም አይከፋም። ነቢዩ ዘከሪያ ልጅ ሲለምኑ «ጌታዬ ሆይ፣ ብቻዬን አትተወኝ» ካሉ በኋላ «አንተም ከወራሾች ሁሉ በላጭ ነህ» ነው ያሉት (21፥89)። ወራሽ እየለመኑ፣ ባይሰጠኝም አንተ አለህ ማለታቸው ነው። ኢሳይያስ 56 ደግሞ ልጅ ሊወልዱ ለማይችሉ ጃንደረቦች ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም በቤቴ እሰጣቸዋለሁ ይላል። እዚያ ላይ በኋላ ትወልዳላችሁ የሚል ተስፋ አልተጨመረም። ስሙ ብቻ ነው የተሰጣቸው። እኔ ይህን ምዕራፍ ከሐና ታሪክ እኩል ብንሰብከው ደስ ይለኛል። የምንሰብከው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የወለዱትን ብቻ ነውና።

ልጅ ማሳደግ የሚፈልጉ ደግሞ በጉዲፈቻ ያሳድጋሉ። በእስልምና የልጁ የዘር ስም እንዳይለወጥ ሆኖ (33፥5) ማሳደጉ ትልቅ ምንዳ አለው። ግን «ጉዲፈቻ ውሰዱና ትወልዳላችሁ» የሚለውን ወሬ አትስሙ። ያ ልጅ የሚመጣው ለራሱ ተፈልጎ ይሁን።

አረገዝኩ፤ ግን መደሰት አልቻልኩም። አመስጋኝ አይደለሁም ማለት ነው?

ፈርተሻል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ የተሰበረ ተስፋ በአንድ ውጤት አይጠገንም። ቀን በቀን አመስግኚ። የዘጠኝ ወሩን በአንዴ አትጠይቂ፤ የዛሬን ብቻ። ቀድሞ ፅንስ የወረደብሽ ከሆነ በተለይ ሐኪምሽ ቶሎ ቶሎ እንዲያይሽ ጠይቂ።

የማውቃት እህት በዚህ እያለፈች ነው። ምን ልበላት?

ጥቂት በይ። «አምላክ ጊዜ አለው»፣ «አትጨናነቂ፣ ያኔ ይመጣል»፣ «እኔኮ የአክስቴ ልጅ ካገባች በአሥር ዓመቷ ወለደች» እነዚህን ሁሉ ሰምታቸዋለች። «እጸልይልሻለሁ» ካልሽ ምን ብለሽ እንደምትጸልዪ ጠይቂያት፤ ልጅ እንዲሰጣት ነው ወይስ ዛሬን እንድታልፍ? አንዳንድ ቀን የምትፈልገው ሁለተኛውን ነው። የሐኪም ቀጠሮ ቀን አብረሻት ሂጂ። በጸሎት ስብሰባ ላይ ሳትፈቅድ ስሟን አታንሺ።

አንቺ ራስሽ ካረገዝሽ ደግሞ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ። ሰው በተሰበሰበበትም አትንገሪያት፤ ፊቷን እንድታስተካክል አታስገድጃት። ለብቻዋ፣ በአጭር መልእክት ጻፊላት። ሁለት ሦስት ቀን ሳትመልስ ብትቆይ አትቀየሚያት።